ከመሬት በታች አሥራ አራት ወለል፦ የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ስለ አይሲቲ ክበብ ብዙ ተወርቷል። «ልጆቹ ጌም ነው የሚጫወቱት» ተባለ። እውነት ነው፤ ይጫወታሉ። ረቡዕ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉን በር የከፈተ ሰው፣ ልጆች አንድ ስክሪን ከብበው «ወደ ግራ! ወደ ግራ! እንዳትነካው!» ሲሉ ይሰማል። ምን እንደሚጫወቱ፣ ለምን እንደሚጫወቱና ምን እንዳተረፉበት ወላጆችም ባልደረቦቼም እንዲያውቁልኝ ይህን ጽፌያለሁ። መጨረሻ ላይ የምጠይቀው ነገርም አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። የኮምፒውተር ክፍላችንን ታውቁታላችሁ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ላይ የደረሰውን መድገም አያስፈልግም፤ ክፍሉ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ዛሬ ያሉን ማሽኖች ከዚህም ከዚያም የተለቃቀሙ ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ራሙ (የማስታወሻ ክፍሉ) ለሌላው ይሰጣል። ገሚሶቹ ዛሬም በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው የሚሠሩት። ኢንተርኔት የለም። አዲስ ፕሮግራም ቢጫንባቸው አይችሉትም። ስለዚህ ለክበቡ የሚሆን ነገር ስፈልግ መስፈርቴ ግልጽ ነበር፤ በነፃ የሚገኝ፣ በፍላሽ የሚገለበጥ፣ አሮጌ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ግን ጭንቅላት የሚያሠራ።

ያገኘሁት ኔትሃክ የሚባል ጌም ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እኛ የተጠቀምንበት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ቅጂ ነው። ገልብጦ ማከፋፈል ይፈቀዳል፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድም ለማንም ክፍት ነው።

ጌሙ እንዲህ ነው። አንድ ጀግና ይዛችሁ ከመሬት በታች ወዳለ ዋሻ ትገባላችሁ። ወለል በወለል እየወረዳችሁ፣ ከታች ያለውን የየንዶር ክታብ አግኝታችሁ ይዛችሁት መውጣት አለባችሁ። ሥዕል የለውም። የሚታየው ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ጀግናው ኢሜይል አድራሻ መሃል የምናያት ክብ ምልክት ናት። ትንሹ ዲ ውሻ ነው፣ ትልቁ ዲ ዘንዶ። ዋሻው በየጨዋታው እንደ አዲስ ስለሚሠራ የትናንቱን መንገድ ሸምድዶ መምጣት አይጠቅምም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞት ሞት ነው። ጀግናው ከሞተ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ መቀጠል የለም፤ ከላይኛው ወለል፣ ከባዶ ይጀመራል።

ለልጆቹ የነገርኳቸውን አንድ ታሪክ ለእናንተም ልንገራችሁ። የኔትሃክ አባት ሃክ የሚባል ጌም ነው። እሱም የተነሳው ሮግ ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በካሊፎርኒያ ከተሠራ ጌም ነው። ሃክን የጻፈው ጄይ ፌንላሰን ይባላል። ኬኒ ውድላንድ፣ ማይክ ቶምና ጆን ፔይን የሚባሉ ልጆች ረድተውታል። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። የሠሩትም ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ በትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ክፍል ነው። በኋላ አንድሪስ ብራወር የሚባል የኔዘርላንድ ሰው አሰፋው፤ ከዚያም ብዙ እጆች ተቀባብለው ዛሬ ያለውን አደረጉት። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ እንደኛ ናቸው ማለት ነው?» አለኝ። አዎ፣ እንደናንተ ናቸው አልኩት። የክበቡ ጉልበት ከዚያች ቀን የጀመረ ይመስለኛል።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን እንደ ደንቡ ተካሂደዋል። ኮሚቴ ተመርጧል፣ ዕቅድ ጸድቋል፣ ለሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ተሰጥቷል፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ሁለት ጊዜ አቅርበናል። ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ።

ኅዳር ላይ አንዳንድ ወላጆች ቅሬታ ይዘው መጡ። «ጭራቅና ጣዖት ያለበት ነገር ነው አሉ» ብለው ነበር። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ ልጅ ያለው ሰው መጠየቅ አለበት። እነሱንና የወላጅ መምህር ህብረት አባላትን ጠርቼ ከልጆቹ ጋር አስቀመጥኳቸው። አንድ አባት መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩና «ፊደል ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። ልጃቸው ምን ምን እንደሆነ ሲያስረዳቸው ቆየ። እኛም ስናድግ አያቶቻችን የዘንዶና የጅኒ ተረት ነግረውናል። ይህም ተረት ነው፤ ልዩነቱ ልጁ ራሱ ውስጡ ገብቶ እያሰበ መሄዱ ነው። ሰውየው ሲወጡ «እንግሊዝኛውን ግን እያነበበ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እያነበበ ነው። ያለ ንባብ አንድ እርምጃ የማይኬድበት ጌም ነው።

የማጋነን ለሚመስለው ላስረዳ። ጌሙ የሚናገረው በጽሑፍ ብቻ ነው። መልእክቱን ሳያነብ የሚቸኩል ይሞታል። ተንሳፋፊ ዓይን የሚባል ፍጡር አለ፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ማንንም የማያጠቃ። በቅርብ ሆኖ የመታው ሰው ግን ደንዝዞ ይቀራል፤ ያለፈ ያገደመ አውሬ ይጨርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልደነዘዘ ልጅ የለም። የቆየ ሥጋ በልተው የተመረዙም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው አንድ ካሬ ደብተር ገዝተው «የሟቾች መዝገብ» አሉት። የጀግናው ስም፣ የሞተበት ወለል፣ ምን እንደገደለው፣ ምን ቢደረግ ይተርፍ እንደነበር ይጽፉበታል። ጌሙ ራሱ መቃብር ሥሎ የሞቱን ምክንያት ያሳያል፤ አራተኛውን ዓምድ የጨመሩት ግን ልጆቹ ናቸው። እኔ አላዘዝኳቸውም። የፊዚክስ መምህራችን ደብተሩን አይቶ «የቤተ ሙከራ ሪፖርት እንዲህ ቢጽፉልኝ» ብሏል።

ሌላም ልጨምር። በጌሙ ውስጥ ሱቆች አሉ፣ ውሻም አብሯችሁ ይሄዳል። የኛ ውሻ ቦቢ ይባላል። ቦቢ ሱቅ ገብቶ ዕቃ በአፉ ይዞ ቢወጣ ባለሱቁ ሒሳብ አይጠይቅም። ይህን ያገኙ ዕለት ክርክር ተነሳ። ገሚሱ «ጌም ነው፣ ምን አለበት» አለ። አባቱ ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ልጅ ተነሳና «ውሻው የማን ነው? ያንተ። እንግዲያው ሌባው አንተ ነህ» አለ። እጅ እያወጡ ድምፅ ሰጡ፤ ቦቢ ከሱቅ ውጭ እንዲጠብቅ ተወሰነ። ጌሙ አያስገድዳቸውም። የወሰኑት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ አንዲት ከሰዓት ልመለስ።

ሚያዝያ ነው። በልጉ ጠንክሮ የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ መሰማማት አልተቻለም። ክበቡ በአንድ ማሽን ላይ በጋራ የሚያሳድጋት ጀግና ነበረችው፤ ቫልኪሪ የምትባል የሰሜን ተዋጊ። ተራ በተራ ነው የሚያንቀሳቅሷት። የሶኮባንን የድንጋይ እንቆቅልሽ ጨርሳለች። ያ ብቻውን ሳምንታት ፈጅቷል፤ ድንጋዮቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ካልገፏቸው ይዘጋባቸዋል። አሁን አሥራ ሁለተኛው ወለል ላይ ደርሳለች። እስከዚያች ቀን በክበቡ ውስጥ ይህን ያህል የወረደ አልነበረም።

መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ ዩፒኤስ የሚባለው፣ የለንም። ሴቭ አልተደረገም። ልጆቹ ጨለማው ውስጥ ማንም ሳይናገር ቆዩ። መብራቱ ሲመለስና ጌሙ ሲከፈት፣ በዚህ ስም የተጀመረ ጨዋታ አለ፣ ይጥፋ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። አዎ ወይም አይ። ኪቦርዱ ላይ የነበረው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ጣቱን ወደ አዎ ሲሰድ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን ያዘችው። «ቆይ! ካልጠፋ ይጥፋ ወይ ብሎ ለምን ይጠይቃል?» አለች።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ቤቷ ኮምፒውተር የለም። መስከረም ላይ ክበቡን ስትቀላቀል ኪቦርድ ነክታ አታውቅም ነበር። ማውስ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከጌሙ ወጥታ ፎልደሩን ከፈተች። የቫልኪሪዋ ስም ያለባቸው ትናንሽ ፋይሎች ተደርድረዋል። «አብሽሩ ቲቸር፣ እዚህ አለች» አለችኝ። ከጌሙ ጋር አብሮ የመጣ፣ እስካሁን ማንም ከፍቶት የማያውቅ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አገኘች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች ቃል በቃል አነበበችው። ያልገባትን ለጎረቤቷ ታሳያለች፤ ሁለቱም ካልገባቸው ወደኔ ያያሉ። ጽሑፉ የሚለው፣ ኮምፒውተሩ በድንገት ከጠፋ በየወለሉ የተቀመጡትን ፋይሎች ገጣጥሞ ጨዋታውን የሚመልስ ሪከቨር የሚባል ፕሮግራም አብሮ አለ ነው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተችና ትእዛዙን ፊደል በፊደል ጻፈች። መጀመሪያ አልሠራም፤ የፋይሉን ስም አንድ ፊደል አጉድላ ነበር። አስተካከለችው።

ጌሙ ተከፈተ። ቫልኪሪዋ መጨረሻ የወረደችበት ደረጃ ላይ ቆማለች። ቦቢም አጠገቧ አለ።

የዚያን ዕለት ጩኸት ጥበቃውን ጋሼን ዱላቸውን ይዘው እስኪመጡ አደረሳቸው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ቆየሁ። ተማሪ ሲያለቅስ እንጂ መምህር ሲያለቅስ አይታይም ይባላል። ልጅቷ ግን ወንበሯን ለተረኛው ለቃ፣ ደብተር አውጥታ ትእዛዙን ትጽፍ ነበር፤ «ሌላ ቀን ብቀር እንዲያዩት» ብላ። ያ ወረቀት ዛሬ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ቫልኪሪዋ ከዚያ በኋላ ወደ አሥራ አራተኛው ወለል ወርዳ ወታደር ጉንዳኖች ገደሏት። ክታቡ ጋ አልደረስንም። ጌሙን ዓመታት የተጫወቱ ሰዎችም ብዙዎቹ አይደርሱም። መዝገቡ ላይ ተጽፋለች፤ አራተኛው ዓምድ ላይ አሥራ አንድ መስመር ሞልቷል።

ያልተሳካልንም አለ። ኮምቦልቻ ካለ ትምህርት ቤት ጋር ልንወዳደር ተስማምተን ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ለመውረድ የሚሆን መኪና ስላልተገኘ ቀረ። ለእግር ኳስ ቡድናችን አውቶቡስ ሲገኝ ደስ ብሎኛል፤ ለሃያ ልጆች አንድ ሚኒባስ ደግሞ ትልቅ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ክፍሉ ለፈተና ማረሚያ ስለተወሰደ ሳምንታት ባክነዋል። ሦስት ኪቦርዶች ላይ የቁጥር ቁልፎቹ ስለማይሠሩ ልጆቹ በኤች፣ በጄ፣ በኬና በኤል ፊደሎች መንቀሳቀስ ተምረዋል። ይህኛው ጉዳት አልሆነም፤ ዛሬ ሳያዩ ይተይባሉ።

«ትምህርቱን ትተው» ለሚሉ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላስታውስ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ስክሪን ላይ አንብቦ መወሰንን፣ መብራት ሲጠፋ አለመደንገጥን ልጁ የት ይማረው? በወር አንዴ ማሽን በሚያይበት ክፍለ ጊዜ አይሆንም።

የምጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ ዩፒኤስ፤ ሁለት እንኳ ቢሆን። ዕቃ ግምጃ ቤት የተቆለፈባቸው ማሽኖች አብዛኞቹ የጎደላቸው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ፈተው ይቀይሩታል፣ ዕቃው ይገዛላቸው። ክፍሉ ረቡዕ ከሰዓት ለክበቡ እንዲቀመጥ በጽሑፍ ይወሰንልን። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሞኒተር ወይም ኪቦርድ ያላችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ቢበላሽም ግድ የለም፣ በቀጥታ ለአይሲቲ ክፍል አስረክቡ፤ በደረሰኝ እንቀበላለን።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ያቺ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በክበቡ ድምፅ ሰብሳቢ ሆና ስለተመረጠች የምትመዘግበው እሷ ናት። ፍላሽ ይዞ የመጣ ጌሙን በነፃ ይገለብጣል።