የአለርጂው መነሻ ከፍራሹ ይፈለግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አስምና አለርጂ የሚወጡትን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ። ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚሰጠው ማብራሪያ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የመኝታ ቤት ነገር ሲነሳ ግን ምክሩ «ቤትን ከአቧራ ማጽዳት» ከሚለው ሐረግ ብዙም አይዘልም። ጠዋት ጠዋት እያስነጠሰው፣ አፍንጫው ታፍኖና ዓይኑን እያሳከከው ለሚነሳ ሰው ይህ አይበቃውም፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ከወለሉ ይልቅ በፍራሹና በትራሱ ውስጥ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የቤት አቧራን አለርጂ ቀስቃሽ የምታደርገው በዋናነት ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ የሆነች፣ ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን የምትመደብ ተባይ ናት። ምግቧ ከሰው ገላ የሚረግፍ የቆዳ ቅርፊት ነው፤ ውኃ ስለማትጠጣም እርጥበቱን የምታገኘው ከአየር ነው፤ የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ሲቆይ ደርቃ የምትሞተውም ለዚህ ነው። አለርጂውን ይበልጥ የሚቀሰቅሰው ኩሷ ሲሆን፣ ትራሱ ሲራገፍ ወይም ተኚው ሲገላበጥ ብን ብሎ ይነሣና ከባድ በመሆኑ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይሰፍራል። በውድ ዋጋ ተገዝቶ ራስጌ የሚቀመጥ የአየር ማጣሪያ በዚህ ረገድ ጥቅሙ አነስተኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የድመት አለርጂ ግን ሌላ ነው፤ ብናኙ ረቂቅ ስለሆነ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ቢታጠቡ ተባዮቹ ይሞታሉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ኩሱን በብዛት ቢያጥብም ተባዮቹን አይገድልም። ሙቅ ውኃ የማይችል የልጆች የጨርቅ አሻንጉሊት ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አድሮ ቢታጠብ ይበጃል። ፍራሽንና ትራስን ዙሪያውን የሚሸፍን፣ በዚፕ የሚዘጋ፣ ሽመናው ጥብቅ የሆነ ልብስ ማልበስም የሚመከር ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ ከ1,000 በላይ በሆኑ አዋቂ የአስም ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ ሽፋኑ ብቻውን ያስገኘው ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ሻጮች እንደሚሉት በአንድ ዕቃ ግዢ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም፤ አጠባው፣ ሽፋኑ፣ እርጥበት መቀነሱ እንዲሁም አቧራን በደረቅ መጥረጊያ ከማቡነን በእርጥብ ጨርቅ መወልወሉ ተደጋግፈው መሄድ አለባቸው።

ዝግጅት ክፍሉ በቀጣይ በሚያወጣቸው ጽሑፎች ይህንን ቅደም ተከተል ቢያስቀምጥ፣ ከዚያም በፊት አንባቢዎች አለርጂያቸው ከምን እንደሆነ በቆዳ ወይም በደም ምርመራ እንዲያረጋግጡ ቢያሳስብ መልካም ነው። ሕመሙ ከሻጋታ ወይም ከድመት የመጣበት ሰው በፍራሽ ልብስ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ከንቱ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ