የፊዚክስ ክበብ፦ ከሳንቲም ቆጠራ እስከ ሮትብላት ክርክር

ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ፊዚሲስት ሥራው በሰው ላይ ለሚያደርሰው ነገር እስከ ምን ድረስ ተጠያቂ ነው? ክርክሩን ለመጨረሻ አቆይተን በስሌት ጀመርን፤ ቁጥር ያልያዘ ክርክር ቶሎ ወደ ጩኸት ይሄዳልና።

መጀመሪያ የተሠራው ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ከአንድ ራዲዮአክቲቭ ነገር ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ ነው። 100 የአንድ ብር ሳንቲሞች ክዳን ባለው የጫማ ካርቶን ውስጥ ይናጣሉ፤ አንበሳው ወደ ላይ የሆነው ሁሉ «ፈርሷል» ተብሎ ይወጣል፣ የቀረው ተቆጥሮ እንደገና ይናጣል። ቁጥሩ 50፣ 25፣ 12 አካባቢ እያለ ይወርዳል። ካርቶኑ ከጠበበ ሳንቲሞቹ ተደራርበው ስለማይገለበጡ ውጤቱ ይዛባል። ከ10 በታች ሲቀሩ ደግሞ ግራፉ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ መፍትሔው የአምስት ቡድኖችን ቆጠራ ደምሮ መሳል ነው።

ከዚህ በኋላ የመጽሐፉ ቁጥሮች ነፍስ ዘሩ። ከአሥር ግማሽ ዕድሜ በኋላ የሚቀረው 1/1024 ነው፤ ለአዮዲን-131 ይህ 80 ቀን፣ ለሲዚየም-137 ግን 300 ዓመት ገደማ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ያገለገለው ኮባልት-60 በ5.27 ዓመት ይጋመሳል። ምንጩ በዚያ ጊዜ ካልተቀየረ፣ ያንኑ የጨረር መጠን ለማግኘት ታካሚው በማሽኑ ሥር የሚተኛበት ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ለተማሪዎቹ ከሁሉ የከበደው ስሌት ይህ ነበር፤ መክበዱም ተገቢ ነው።

የአንድ አቶም መሰንጠቅ ሌሎችን የሚሰነጥቅበትን የሰንሰለት ሂደት አንዱ ሁለት በሚጥል የእንጨት ቁርጥራጭ አሳየን። ከአንድ አቶም ተነሥቶ 81 ጊዜ እጥፍ ማለት አንድ ኪሎግራም የሚጠጋ ዩራኒየም-235 ነው፤ ያም ከማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ሁለተኛውን ሴሚስተር የወሰደው ካስል ብራቮ የተባለው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በቢኪኒ ያፈነዳችው ቦምብ 6 ሜጋቶን (6 ሚሊዮን ቶን የቲኤንቲ ፈንጂ ያህል) ገደማ ተገምቶ 15 ወጣው። ከነዳጁ ሊቲየም 60 በመቶ ያህሉ ሊቲየም-7 ነበር፤ ይህን ባለሙያዎቹ ለፍንዳታው አይጨምርም ብለው ትተውታል። ፈጣን ኒውትሮን ሲመታው ግን ሂሊየም፣ ትሪቲየምና ሌላ ኒውትሮን ይሰጣል፤ ትሪቲየሙም የቦምቡ ኃይል የሚመነጭበትን የአቶም እምብርቶች ውህደት ያቀጣጥላል። ጨረር ያዘለው አመዱ በአንድ የጃፓን ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ በነበሩ 23 ሰዎችና በአቅራቢያው ባለችው በሮንጌላፕ ደሴት ነዋሪዎች ላይ ወረደ።

ፊዚሲስቱ ጆሴፍ ሮትብላት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጀርመን ቦምብ እየሠራች እንዳልሆነ ሲያውቅ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ የአሜሪካ አቶም ቦምብ ይሠራበት ከነበረው ከሎስ አላሞስ ወጥቶ ወደ ሕክምና ፊዚክስ ዞረ። ከብራቮ አመድ መረጃ ተነሥቶም ብዙው ጨረር ከዩራኒየም-238 መሰንጠቅ እንደመጣ በስሌት ደረሰበትና አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ሳይንቲስቶች ስለ ኑክሌር መሣሪያ አደጋ ከሚመክሩባቸው ከፐግዋሽ ጉባኤዎች ጋር ተጋራ።

በክርክሩ ግማሹ ቡድን «ቦምቡ ያለ እርሱም ተሠርቷል፤ መውጣቱ ምን ለወጠ?» አለ። ሌላው ቡድን ሮትብላት ስለ አመዱ የሠራውን ስሌት ሰሌዳ ላይ ጽፎ መለሰ። በእኔ ሚዛን ሁለተኛው ያመዝናል፤ የተደበቀውን ያወጣው ያው ፊዚክስ ነውና። የሁለቱም ቡድኖች ወረቀት በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሳንቲሞቹም ተቆጥረው በቁም ሣጥን ውስጥ ለሚቀጥለው ዓመት ተቀምጠዋል።