ሌሊት ባሕር ገባሁ ብልህ ታምነኛለህ?

ይድረስ ለአብሮ አደጌ ለሰይድ፣ ጅዳ

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝም ከተባባልን ስንት ክረምት አለፈ! እናትህን ገበያ ላይ አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው።

እህቴ ዘንድ አሜሪካ ሄጄ መመለሴን ሳትሰማ አልቀረህም። ሐዋይ ወስዳኝ ነበር። ኮና በሚባለው ዳርቻ ማንታ ሬይ የሚባል ግዙፍ ክንፋም ዓሣ አየሁ፤ እዚህ ሐይቅ ከተማ ባወራው ቀጣፊ ይሉኛል፤ ለአንተ ግን ልንገርህ።

ከጨለመ በኋላ በጀልባ ወሰዱን። ወፍራም የዋና ልብስ ለብሰን፣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገን ገባን። ከሥሩ መብራት የተገጠመለት ተንሳፋፊ ሰሌዳ አለ፤ ጠርዙን ይዘህ በሆድህ ትንሳፈፍና ፊትህን ውኃው ውስጥ ትነክራለህ። መንፈራገጥ የለም። መጀመሪያ የሚታይህ ብርሃኑ ውስጥ የሚርመሰመስ ደቃቅ ነገር ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ደሴ የመንገድ መብራት የሚከበውን ምስጥ አስብ። ፕላንክተን ይሉታል፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረት ነው፤ ማንታ ሬይ የሚመጣው እሱን ሊበላ ነው።

መጣልህ! ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሦስት ሜትር የማያንስ ዓሣ፣ አፉን በረገድ አድርጎ ከታች ሽቅብ ወደ ፊቴ። የአፉ ውስጥ ነጭ ነው፤ የስንጥቦቹ ረድፍ ሳይቀር ይታየኛል። ሊነካኝ ስንዝር ሲቀረው ተገለበጠና ሆዱን አሳይቶኝ ወረደ። ደግሞ ተመለሰ፤ እዚያው ብርሃኑ ላይ እየተገለባበጠ ይበላል። እኔ በቱቦው ውስጥ «ወይኔ እናቴ!» እያልኩ ስጮህ እህቴ በሳቅ ልትሰጥም ነበር።

ሰው አይነክስም፤ ጅራቱም ላይ መርዘኛ እሾህ የለውም። መንካት ግን ክልክል ነው፤ ቆዳውን የሚጠብቅለትን ልጋግ እጅ ይገፈዋል። የሆዱ ነጠብጣብ ከአንዱ አንዱ ስለሚለይ አስጎብኚዎቹ እያንዳንዱን በስም ይጠሩታል። እናቲቱ ዓመት ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ ሐዋይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ መግደሉም መያዙም በሕግ ተከልክሏል።

የገረመኝ የዚህ የሌሊት ጉብኝት አጀማመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሕሩ ዳር የተሠራ ሆቴል መብራቱን ወደ ውኃው አበራ፤ ብርሃኑ ፕላንክተኑን ሰበሰበ፣ ማንታውም ተከትሎ መጣ። ዛሬ ጀልባው በየማታው ይጎርፋል። እውነቱን ልንገርህ፣ የሰዉ ብዛት አልጣመኝም።

ማንታ ቀይ ባሕር ውስጥም ይኖራል፤ አንተ ደጃፍ ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ አይተውት ያውቁ እንደሆነ ጠይቅና ጻፍልኝ። ለእናትህ ግን ዛሬውኑ ደውልላቸው።

ወንድምህ፣ ከሐይቅ