መድኑ መኖሩን አስቀማጩ ይወቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 እንግሊዝ አገር የኖርዘርን ሮክ ባንክ ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት በየቅርንጫፉ ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ይዘው ነበር። የተቀማጭ ገንዘብ መድን፣ ማለትም ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ ገንዘቡን የሚተካ ዋስትና፣ በአገሩ ጠፍቶ አይደለም። ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ግን የመጀመሪያውን 2,000 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላለው 33,000 ፓውንድ 90 በመቶውን። ከመቶው አሥሩን አጣለሁ ብሎ የሚሰጋ፣ የቀረውንም መቼ እንደሚያገኝ የማያውቅ ሰው ቢሰለፍ እኔ አልፈርድበትም። ሰልፉ የረገበው መንግሥት ለተቀማጩ ሁሉ ዋስ እሆናለሁ ካለ በኋላ ነው።

እኛም አገር የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሞ፣ የሽፋኑን ጣሪያ 100,000 ብር አድርጎ ሥራ ጀምሯል። ይህን ለእናቴ ብነግራት የቁጠባ ደብተሯን ከሳጥን አውጥታ ገጽ በገጽ አገላበጠች። ስለ መድኑ አንድም መስመር አላገኘችም። «እንዲያ ከሆነ ለምን አይነግሩንም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የእኔም ነው። ባንኮች የሽፋኑን መጠን በደብተሩ ላይ ያትሙልን፤ ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ላይም በጉልህ ይለጥፉልን። ወሬ ከተነዛ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ሰልፉን አይቀድመውም።

አንድ ቆጣቢ፣ ከአዲስ አበባ