ብስክሌቶችን በፒክአፕ ስለመጫን ለአባላት የተላከ ማሳሰቢያ

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ስንጓዝ የእኔ ብስክሌት ፔዳል ከጎኑ የተጫነውን ብስክሌት ፍሬም (ዋና አካሉን) ቀለሙ እስኪለቅ ስለፋቀው (ባለቤቱ ይቅርታ ቢያደርግልኝም ጭረቱ ግን እዚያው አለ)፣ ከእንግዲህ ብስክሌቶች ሲጫኑ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ዞረው እንዲቆሙና በመካከላቸው ብርድ ልብስ እንዲገባ በአክብሮት እናሳስባለን። የማሰሪያው ገመድ በፍሬሙ ላይ እንጂ በዲስኩ (ፍሬኑ የሚይዘው፣ በጎማው መሃል ያለው ክብ ብረት) ወይም በፍሬን ቱቦው ላይ ፈጽሞ አይለፍ፤ በጥቂቱ የተጣመመ ዲስክ እንኳ መንገዱን ሙሉ ሲፋጭ ይውላል። ማስተኛት ግድ ከሆነ ማርሽ መቀየሪያው ያለበት የቀኝ ጎን ወደ ላይ ይሁን። የዘይት ፍሬን ያላችሁ ጎማ ስታወልቁ በፍሬን ሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፤ አለበለዚያ የፍሬኑ እጀታ ሳይታሰብ ከተጨመቀ ሸራዎቹ ተጠጋግተው ዲስኩን አያስገቡም። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንጀምር ቆመን ገመዱን እንደገና እናጠብቃለን።