ጥያቄዬ ሳይፈታ «ተፈትቷል» ተብሎ ስለመዘጋቱ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከቤቴ ኔትወርክ ጋር አልገናኝ ስላለው አምፕሊፋየር (ሙዚቃ እና ሬዲዮ ከኢንተርኔት የሚያሰማ የድምፅ ማጉያ) እና ስላልተከበረው የሐሙስ ቀጠሮ

ጤና ይስጥልኝ።

የመሣሪያው ሞዴል፣ የተገዛበት ቀን፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ሁሉም መዝገባችሁ ላይ አለ። በደወልኩ ቁጥር እንደ አዲስ ስታስነግሩኝ ስለከረማችሁ አሁን አልደግመውም። በቀጥታ ወደ ሐሙሱ ቀጠሮ ልግባ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ቀጠሮው ከመሰጠቱ በፊት ስልኩን ያነሱት ባለሙያ፣ ችግሩን ተናግሬ ሳልጨርስ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አሉኝ። አድርጌዋለሁ አልኩ። «እንግዲያው ገመዱ ነው።» ገመዱንም ቀይሬያለሁ። «እንግዲያው ኢንተርኔት የሚያቀርብልዎትን ድርጅት ያነጋግሩ።» እዚህ ላይ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። ያንኑ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ወዲያው ይሠራል። ስለዚህ ራውተሩም፣ ገመዱም፣ ኢንተርኔቱም ደህና ናቸው። ችግሩ ያለው እናንተ የሸጣችሁልኝ ዕቃ ውስጥ ነው።

ትንሽ ዝም አሉና «እርስዎ የኔትወርክ ባለሙያ ነዎት?» አሉኝ።

አይደለሁም። መሆንም አይጠበቅብኝም። ግን የማየውን አያለሁ። ገመዱን ስሰካ ከኋላ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ስክሪኑ ላይ «በመገናኘት ላይ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቆየት ብሎ በ169.254 የሚጀምር አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ዕቃው ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ይወጣና እዚያው ላይ ይቀራል። ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ እኔ ለእናንተ ማስረዳት አልነበረብኝም። አንድ ዕቃ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው። በዚህ ቁጥር ኢንተርኔት አይገባም። ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕም «መሣሪያው አልተገኘም» ከማለት ሌላ ነገር አያውቅም።

ከዚህም አልፌ ሄጃለሁ። አድራሻውን ከራውተሩ እንዲወስድ የሚያደርገውን ዲኤችሲፒ የተባለ ምርጫ አጠፋሁና ቁጥሮቹን በእጄ ሞላሁ። ሠራ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ዜማ ሳይቆራረጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ደስታዬን አልደብቅም። ግን አምፕሊፋየሩ ከሶኬት በተነቀለ ወይም መብራት በተቋረጠ ቁጥር የሞላሁትን ሁሉ ይረሳዋል። እንደገና ሪሞቱን ይዞ፣ በቀስት እየወጡ እየወረዱ፣ 192 ብሎ፣ 168 ብሎ፣ አንድ በአንድ መልቀም ነው። አባቴ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። ዕቃውን የገዛሁት አንድ ቁልፍ ብቻ ተጭነው የኢንተርኔት ሬዲዮ እንዲሰሙ ብዬ ነበር። አሁን መብራት ሄዶ ከመጣ፣ እኔ ቤት እስክገባ ድረስ ቤቱ ጭር እንዳለ ነው የሚውሉት።

ይህን ሁሉ ለባለሙያዋ ነገርኳቸው። ቁጥሩን በእጅ ስሞላለት የሚሠራ ከሆነ የኔትወርክ ገመዱ የሚሰካበት ሶኬት ደህና ነው፣ የተበላሸው ሶፍትዌሩ ነው አልኳቸው። መልሳቸው ይህ ነበር፦ «ለሙዚቃ ነው አይደል? ታዲያ በብሉቱዝ ለምን አይሰሙም?»

ያንገበገበኝ ይህ ነው። አዎ፣ ለሙዚቃ ነው። ለሙዚቃ ብዬ ነው ያን ያህል ገንዘብ ያወጣሁት። ሲዲ ላይ ያለ ስቴሪዮ ሙዚቃ የመረጃ መጠኑ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። በብሉቱዝ የተለመደው ኤስቢሲ የሚባለው መጭመቂያ፣ ጥሩ በሚባለው ደረጃው እንኳን፣ የሚያስተላልፈው 328 ኪሎቢት ገደማ ነው። በዚያ ላይ ስልኬ ሲጠራ ሙዚቃው ይቆማል። ስልኩን ይዤ ወደ ሌላ ክፍል ስሄድ ይቆራረጣል። እናንተ ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ «24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርትዝ» ብላችሁ ከሲዲ የሚበልጥ የድምፅ ጥራት ጽፋችኋል። ያ ሳይጨመቅ በሴኮንድ 9.2 ሜጋቢት ገደማ ነው። ከዕቃው ጀርባ ያለው በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የኔትወርክ ሶኬት ይህን ያለ ጭንቀት ይሸከመዋል። ሶኬቱን ገጥማችሁ፣ ካርቶኑ ላይ ጽፋችሁ ሸጣችሁልኝ። ከሸጣችሁ በኋላ በብሉቱዝ ስማ ማለት ምን ማለት ነው?

አለቃዎን ያገናኙኝ አልኩ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነበሩ፣ ይህን አልክድም። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «የሚሉት ትክክል ነው፣ ችግሩ የሶፍትዌር ነው» አሉኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቴክኒክ ክፍል መሐንዲስ እንደሚደውልልኝ፣ በፍላሽ የሚጫን አፕዴትም በኢሜይል እንደሚላክልኝ ነገሩኝ። ሐሙስ እርግጠኛ ነው ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅኩ። «በእኔ ይሁንብዎ» አሉኝ። አመንኳቸው።

ሐሙስ አስፈቅጄ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። መሐንዲሱ ሲደውል ዕቃው አጠገብ ልገኝ ብዬ ነው። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፍላሹን ባዶ አድርጌ አዘጋጀሁ። ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። መሐንዲሱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ኢሜይልም አልመጣም። እኔው ስደውል «ሁሉም መስመሮች ተይዘዋል» እየተባልኩ የሥራ ሰዓታችሁ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ይህ መልእክት ደረሰኝ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ተፈትቷል። አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ።»

ማን ፈታው? በምን ፈታው? ያልተደወለ ስልክ፣ ያልተላከ ፋይል ይዞ አንድ ሰው «ተፈትቷል» የሚለውን እንዴት ይጫናል? ስህተት መሆኑን መልሼ ስጽፍ ጥያቄው ስለተዘጋ አዲስ እንድከፍት የሚያዝ መልስ መጣልኝ። አዲስ ከከፈትኩ ደግሞ እንደገና ከ«አጥፍተው ያብሩት» ልጀምር ነው። አልከፍትም።

ነገር ከተነሳ ያለፈውንም ዝም አልልም። ወደ ገመድ የሄድኩት ዋይፋያችሁ ስላስቸገረኝ ነው። ካርቶኑ 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ በሚባሉት በሁለቱም የዋይፋይ ሞገዶች ይሠራል ይላል። ስልኬም ላፕቶፔም የራውተሩን 5 ጊጋኸርትዝ ያገኙታል። አምፕሊፋየሩ ግን 2.4ቱን ብቻ ነው የሚያየው። 2.4 ላይ ደግሞ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት ቻናሎች ብቻ ናቸው። እነሱን የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ ይሻማቸዋል። ማይክሮዌቭ ሲበራ ሙዚቃው ይንተባተባል። ይህን ስናገር አንዱ ሠራተኛችሁ አምፕሊፋየሩን በእንግዳ ኔትወርክ ላይ እንዳደርገው መከሩኝ። የእንግዳ ኔትወርክ በአብዛኛው ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው። አደረግኩትና ስልኬ አምፕሊፋየሩን ጨርሶ አጣው። ሌላው ደግሞ የዋይፋዩን ፓስወርድ አጥፍቼ እንድሞክር ነገሩኝ። የቤቴን ኔትወርክ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት እንዳደርግ! ይህ ከአንድ ድርጅት ባለሙያ አፍ የሚወጣ ምክር አይደለም።

አሁን የምፈልገውን ልናገር። አንደኛ፣ የተዘጋው ጥያቄዬ በነበረበት ቁጥር እና ቀን ይከፈት። እናንተ ዛሬ ነገ ስትሉ የዋስትናው ጊዜ እየነጎደ ነው፤ የጠበቅኩበት ጊዜ ከዋስትናዬ ላይ እንዳይቆጠር በጽሑፍ አረጋግጡልኝ። አፕዴቱን ላኩልኝ። ከተጫነ በኋላም መሐንዲሱ ስልኩን ሳይዘጋ ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ሲመለስ አድራሻውን ማግኘቱን አብረን እንይ። 5 ጊጋኸርትዙ ለምን እንደማይታይም በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ። ካርቶኑ የሚለው እና ዕቃው የሚሠራው ካልተገናኘ እሱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

በደወልን ቁጥር ንግግሩ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል እንደሚቀረጽ ትነግሩናላችሁ። እንግዲያው የዚያን ቀኑን ቅጂ አውጥታችሁ ስሙት። «ባለሙያ ነዎት?» የተባልኩበት ድምፅ እዚያ አለ። የሐሙሱ ቃልም እዚያው አለ። ከሰማችሁት በኋላ ይቅርታ እጠብቃለሁ። በማሽን የሚላክ ሳይሆን ስሙን እና የሥራ ድርሻውን ጠቅሶ ከሚጽፍ ሰው።

እስከ መጪው ሳምንት መጨረሻ ይህ ካልተደረገ አፕዴቱንም አልፈልግም። ዕቃውን ወስዳችሁ ሙሉ ገንዘቤን መልሱ። እሱንም ጆሮ ዳባ ልበስ ካላችሁ የጽሑፍ ምልልሳችንን በሙሉ ይዤ ወደ ሸማቾች መብት አስከባሪ አካል እሄዳለሁ። እስከዚያ ድረስ መዝኑን የሚል መልእክት አትላኩልኝ።

የስክሪኑን፣ የካርቶኑን እና የመልእክታችሁን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ከሥራ ውጪ ከ11 ሰዓት በኋላ ስልኬን አነሳለሁ። መሐንዲሱ ሲደውል ዕቃው አጠገብ መሆን ስላለብኝ፣ ሰዓቱን ከአንድ ቀን በፊት አሳውቁኝ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ