አነቃቂው የቀድሞ ተጫዋች ስለ ደመወዙም ይንገረን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ በቅርቡ ባወጣው ዘገባ፣ ለብዙ ዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቶ ጫማውን የሰቀለና ዛሬ በአነቃቂ ንግግር አቅራቢነት የሚታወቅ እንግዳ ወደ ጎንደር መጥቶ ለወጣቶች ያደረገውን ንግግር በአድናቆት አስነብቧል። በዕለቱ በአዳራሹ ከተገኙት አንዱ ነበርኩ። አዘዞ አካባቢ ታዳጊዎችን በማሠልጠን ዕድሜዬን ያሳለፍኩ የስፖርት መምህር እንደመሆኔ መጠን፣ ዘገባው ሳያነሣው ያለፈውን ጉዳይ ለአንባብያን ማካፈል እወዳለሁ። የእንግዳውን ስም የማልጠቅሰው ሆን ብዬ ነው፤ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለምና።

እንዲህ ዓይነት መድረክ መዘጋጀቱን የምቃወም አለመሆኔ በቅድሚያ ይታወቅልኝ። ላለፉት ዓመታት በክልላችን በደረሰው ችግር ምክንያት ትምህርቱ የተቆራረጠበት፣ ተመርቆም ሥራ ያጣ፣ ፒያሳ ላይ ጥግ ይዞ የሚውል ወጣት ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ወጣት «አይዞህ» የሚል ሰው መምጣቱ በራሱ መልካም ነው። በቴሌቪዥን የታየ ተጫዋች ደግሞ ከመምህርም ከወላጅም በላይ ይደመጣል። እኔ ዓመቱን ሙሉ «ሳታሟሙቁ ኳስ አትምቱ፣ በጊዜ ተኙ» እያልኩ የማይሰሙኝ ልጆች፣ እሱ አንድ ጊዜ ተናግሮት ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ሜዳ ላይ ሲፈጽሙት ባየሁ ነበር። ግን ይህንንም አልተናገረም።

ቅሬታዬ በንግግሩ ይዘት ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የሰማነው «ሕልምህን አትልቀቅ፣ በራስህ እመን፣ የሚንቁህን አትስማ» የሚለውን ነው፤ ይህን ደግሞ በሕይወቱ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ሊናገረው ይችላል። እሱ ብቻ የሚያውቀው፣ እኛም የመግቢያ ትኬት ቆርጠን ልንሰማው የመጣነው ነገር ወደ ጎን ተትቷል። ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ ወንበር አንድ ጉልበቱን በማሠሪያ የጠቀለለ ታዳጊ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጉልበትዎን በተጎዱ ጊዜ ያሳከመዎት ክለቡ ነው ወይስ ቤተሰብ?» ሲል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «ወንድሜ፣ ጉልበት መጀመሪያ የሚድነው በአእምሮ ነው» የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ልጁም ማሠሪያውን እያስተካከለ ተቀመጠ።

ልጁ የጠየቀው ቁም ነገር ነበር። የጉልበት መስቀለኛ ጅማቱ የተበጠሰ ተጫዋች በጽናት ብቻ አይድንም፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ወደ ሙሉ ጨዋታ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ወርና ከዚያም በላይ የሚወስድ፣ በየሳምንቱ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የማገገሚያ ልምምድ ያስፈልገዋል። ይህን ጊዜ የሚሸፍነው ማን ነው? የውሉ ዘመን በመሀል ቢያልቅስ? ደመወዙ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል? አባቱ በቅዳሜ ገበያ እህል የሚሸጥ ልጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ሊጎዳ የሚችለው ገና ፊርማውን ሳያኖር፣ በሰፈር ጨዋታ ላይ እያለ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ እንግዳው አንድ ጊዜ ልቡን ከፍቶ ነበር። ሊያጠናቅቅ ሲል፣ እግረ መንገዱን የሚያነሣው በሚመስል ድምፅ፣ የመጨረሻው ክለቡ የወራት ደመወዝ እንዳስቀረበት፣ መልቀቂያውን በፌስታል ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ እንደከረመ፣ ውሉ ካለቀ በኋላም ስልኩ መጥራቱን እንዳቆመ ነገረን። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስልካቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሲቀርጹ የነበሩት ልጆች ስልኩን አውርደው ያዳምጡት ጀመር። ነገር ግን የመድረኩ መሪ ሰዓቱን አይቶ «ወደ ፎቶ መርሐ ግብር እንሻገር» አለና ነገሩ በዚያው ተቋረጠ። ለእኔ የቀኑ ንግግር ያ ነበር፤ የጋዜጣዎ ዘገባ ግን አንድም ቃል አልጻፈበትም።

ልጆቻችን የኳሱን ትርፍ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ስለነበር፣ የጎንደር ሕዝብ የአፄዎቹን ድል የተከታተለው በአብዛኛው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳዬ ላይ የሚመዘገበው ልጅ በዝቷል። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ማውጣቱን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በቃሉ ይነግርዎታል፤ ከጣሪያው በላይ በምን መንገድ ይከፈል ነበር ተብሎ እንደሚወራም ሳይቀር ያውቃል። ተጫዋቹ ያን ደመወዝ በዓመት ስንቱን ወር በእጁ እንደሚያገኝ ግን አያውቅም፤ የነገረውም የለም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጡረታው ነገር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል፤ በዕድሜ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልና 60 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። የእኛ ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ዛሬ ሐዋሳ፣ ነገ አዳማ፣ ከነገ ወዲያ ድሬዳዋ ሆኖ ይዞራል። በየሄደበት መዋጮው ገብቶለታል? ገብቶስ ከሆነ በአንድ መለያ ቁጥር ተጠራቅሞለታል? ሁሉም ነገር ቀንቶት እስከ 35 ዓመቱ ቢጫወት እንኳ እስከ 60 ያለው 25 ዓመት በምን ይታለፋል? እንግዳችን ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ እየሰጠ ያለ ሰው ነው፤ ንግግር ማቅረብም አንዱ መልስ ነው። እንግዲያው እንዴት እዚህ እንደደረሰ፣ ስንት ሥራ ሞክሮ እንዳልተሳካለት፣ ማን እንደደገፈው ቢነግረን «በራስህ እመን» ከሚለው ይልቅ ይጠቅመን ነበር።

የቀድሞ ተጫዋች መድረክ ላይ ወጥቶ እውነቱን ሲናገር ምን እንደሚፈጠር ማየት የሚፈልግ የአርሰናሉን አምበል ቶኒ አዳምስን ያስታውስ፤ በከተማችን የዲኤስቲቪ ቤቶች ስሙን የማያውቅ አርሰናላዊ አይገኝም። ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ጠጥቶ በማሽከርከር ወንጀል ታስሯል፤ በ1996 ደግሞ ገና በመጫወት ላይ እያለ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። በ2000 በሱስና በጭንቀት ለተጠቁ ስፖርተኞች የሚሆን የሕክምና ተቋም አቋቋመ። ዛሬም ሰዎች እሱን ለማዳመጥ የሚሰበሰቡት ስለ ዋንጫዎቹ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከተጠየቁት የቀድሞ ተጫዋቾች 35 በመቶው የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው ገልጸዋል፤ በመጫወት ላይ ካሉትም 38 በመቶው። ማኅበርና ሐኪም ያላቸው እነዚያ ተጫዋቾች እንዲህ ከሆኑ፣ ድጋፍ የሌለው የእኛ ልጅ እንዴት ይሆን?

እኛ ዘንድ ከሜዳ የወረደ ተጫዋች ያወቀውን የሚያስተላልፍበት የቆየ መንገድ ነበር፤ እሱም ማሠልጠን ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ካነሣው ቡድን መካከል መንግሥቱ ወርቁ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መርቷል። በከተማችንም ስማቸው በጋዜጣ የማይወጣ፣ በየሜዳው ፊሽካ አንግተው፣ የተቀደደ ኳስ እየሰፉ፣ አንዳንዴም ለልጆቹ ታኬታ ከኪሳቸው እየገዙ የሚያሠለጥኑ የቀድሞ ተጫዋቾች አሉ። አዳራሽ የተከራየላቸው የለም። ሁሉም አሠልጣኝ ይሁን አልልም፤ የመናገር ጸጋ የተሰጠው ይናገር፣ ተገቢውንም ይከፈለው።

«እውነቱ ከተነገራቸው የልጆቹ ሐሞት ይፈሳል» የሚሉ አዘጋጆች ገጥመውኛል። የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው። አንድ ልጅ የኳስ ዕድሜ አጭር መሆኑን ሲረዳ ከልምምድ አይቀርም፤ የሚተወው ትምህርቱን ለመተው የነበረውን ሐሳብ ነው። ከልጆቼ አንዱ ከደላላ ጋር ሊፈራረም ሲል ውሉን ይዞ ወደ እኔ የመጣው፣ ሌላው ሳያነብ ፈርሞ የደረሰበትን ስለሰማ ነው። ሐሞት የሚያፈሰው «ካመንክ ይሆናል» ተብሎ ያመነው ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚወቅሰው ጅማቱን ወይም ክለቡን ሳይሆን የራሱን እምነት ማነስ ይሆናል። ይህ ለእኔ ከባድ በደል ነው።

ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ያለ እንግዳ የሚጋብዙ ወገኖች ከመርሐ ግብሩ ቢያንስ ግማሹን ለጥያቄ እንዲተዉ፣ ጥያቄውም በጭብጨባ እንዳይታለፍ እጠይቃለሁ። እንግዳው ይህን ካነበበ፣ ቅዳሜ ጠዋት አዘዞ ሜዳ ላይ ብዙ ጆሮ ይጠብቀዋል፤ መልቀቂያውን በፌስታል ይዞ የዞረበትን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢነግረን ደስ ይለናል። የጋዜጣዎ የስፖርት ክፍል ደግሞ ክለቦች የተጫዋቾቻቸውን የጡረታ መዋጮ በአግባቡ ገቢ ያደርጉ እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ያለባቸውም የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቆ፣ ከክለቦቹ ያገኘውን መልስ በዚሁ ጋዜጣ ላይ እንዲያወጣልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የስፖርት መምህር
ጎንደር፣ አዘዞ